ከዲቃላ በቆሎ ዘር ማስቀረት ለምን አይሆንም? ስንዴውስ ለምን በዋግ ተመታ?

የወምበርማው ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ግብርና ላይ የሠራ ወይም ባዮሎጂ የሚያውቅ ካለ ቢያግዘኝ ደስ ይለኛል።

ቤተሰቦቼ ምዕራብ ጎጃም ገበሬዎች ናቸው። ዋናው በቆሎ ነው። አምና ቢኤች 660 የሚባለውን ዲቃላ በቆሎ ዘርተው በጣም ጥሩ ምርት አገኙ። ዘንድሮ የምርጥ ዘር ዋጋ ናረ፣ ደግሞም በሰዓቱ አልደረሰም። አባቴም "ከራሴ ማሳ የወጣ አይደል፣ ምን ልዩነት አለው" ብሎ ከጎተራው ትልልቁን ራስ እየመረጠ ፈልፍሎ ዘራ። መብቀሉን በቅሏል። ግን ማሳው ዥንጉርጉር ሆነ። አንዱ ረጅም፣ አንዱ ድንክ፣ አንዱ ቀድሞ ፀጉር ሲያወጣ ሌላው ገና ነው፣ ራሱም ከአምናው በጣም አነሰ። ማዳበሪያው ያው ነው፣ ዝናቡም አልከፋም።

ሰፈር ውስጥ የሚወራው "በየዓመቱ እንድንገዛቸው ዘሩ ላይ አንድ ነገር ያደርጉበታል" የሚል ነው። አባቴም አምኖበታል። እኔ ግን አልተዋጠልኝም።

ሁለተኛው ጥያቄ። አጎቴ አርሲ ነው ያለው፣ ስንዴ ያርሳል። ለዓመታት የራሱን ዘር እያስቀረ ሲዘራ ምንም አልሆነበትም። ዲገሉ የሚባለውን ዝርያ ዋግ አይነካውም ተብሎ ነበር፣ እውነትም አይነካውም ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ላይ ድምጥማጡን አጠፋው። አጎቴ "ዘሩ ደከመ" ነው የሚለው። ዘር ይደክማል እንዴ? ከደከመስ የበቆሎው በአንድ ዓመት፣ የስንዴው ከስንት ዓመት በኋላ የሆነው ለምንድን ነው?

እህቴ 12ኛ ክፍል ናት። "ሁለቱም የውርስና የዝግመተ ለውጥ ጉዳይ ነው" አለችኝ። እንዴት እንደሆነ ስጠይቃት ግን ደብተሯ ላይ ያለውን ከማንበብ አላለፈችም። ለአባቴ በስልክ የማስረዳው ነገር ስለሆነ በቀላል አማርኛ ብትነግሩኝ።

አዳቃይ

እህትህ በትክክል ነው የነገረችህ። እኔ በቆሎ ማዳቀል ላይ ስለሠራሁ የመጀመሪያውን ልመልስ፣ ስለ ስንዴው ሌላ ሰው ይጨምርበታል። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

መጀመሪያ ወሬውን እናጥራ። ዘሩ ላይ የተደረገበት ነገር የለም። ዘር ሁለተኛ እንዳይበቅል የሚያደርግ ቴክኖሎጂ አሜሪካ ውስጥ በ1998 የፈጠራ መብት ወጥቶለት ነበር፣ ተቃውሞው በረታና ገበያ ላይ ሳይውል ቀረ። ቢኤች 660 ደግሞ እዚሁ ባኮ ምርምር ማዕከል በ1993 የወጣ ነው። አንተም እንዳልከው የአባትህ ዘር በቅሏል። ችግሩ ሌላ ነው።

ዲቃላ በቆሎ እንዴት እንደሚሠራ ካወቅክ ነገሩ ይገለጥልሃል። አዳቃዩ አንድ ተክል ይወስድና ከአናቱ ያለውን ብናኝ እዚያው ተክል ፀጉር ላይ ያደርገዋል። ከራሱ ጋር ማዳቀል ማለት ነው። ልጁንም እንዲሁ፣ የልጅ ልጁንም እንዲሁ፣ ስድስት ሰባት ትውልድ ድረስ። በዚህ መንገድ የሚገኘው መስመር ያጠረ፣ ራሱ ያነሰ፣ ለዓይን የማይሞላ በቆሎ ነው፣ ግን ሁሉም ተክል አንድ ዓይነት ነው። ከዚያ ከተለያየ ምንጭ የመጡ መስመሮች እርስ በርስ ሲዳቀሉ ልጆቹ ከወላጆቻቸው እጅግ በልጠው ይወጣሉ። ቢኤች 660 የሦስት እንዲህ ያሉ መስመሮች ዲቃላ ነው። አባትህ ከከረጢቱ አውጥተው የዘሩት ያንን የመጀመሪያ ትውልድ ነው።

ብርታቱ ከየት መጣ? እያንዳንዱ ተክል ከእያንዳንዱ ዘረ መል፣ ማለትም ባሕርይን ከሚወስነው የውርስ መመሪያ፣ ሁለት ቅጂ አለው፣ አንዱ ከእናት አንዱ ከአባት። አንደኛው ቅጂ ደካማ ቢሆን ብዙ ጊዜ ጤነኛው ይሸፍንለታል። ከራሱ ጋር ሲዳቀል የኖረ መስመር ደካማው ቅጂ ሁለት ሆኖ የገጠመበት ቦታ ብዙ ነው፣ ለዚህ ነው የሚቀጭጨው። ሁለት የተለያዩ መስመሮች ሲገናኙ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። ደካማው ቅጂ ግን አልጠፋም። ተሸፍኖ ነው ያለው። የአባትህ ማሳ ሚስጥር ይሄ ነው።

ይህን መጀመሪያ የቆጠረው ግሪጎር ሜንዴል ነው። ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ባለችው በብርኖ ከተማ፣ ገዳም ውስጥ የሚኖር መነኩሴ ነበር። ከ1856 ጀምሮ ስምንት ዓመት ያህል አተር እየዘራ ቆጠረ። ረጅም አተርን ከአጭር ጋር ሲያዳቅል ልጆቹ በሙሉ ረጅም ሆኑ። አጭርነት የጠፋ መሰለ። እነዚያን ረጃጅሞች ከራሳቸው ጋር እንዲዳቀሉ ትቶ ቀጣዩን ትውልድ ሲቆጥር ከ1,064 ተክል 787 ረጅም፣ 277 አጭር አገኘ። አንድ ለሦስት በሚጠጋ ስሌት። አጭርነት ተመልሶ መጣ፣ ያውም ቁመቱ መካከለኛ ሳይሆን ልክ እንደ አያቱ አጭር ሆኖ። ከእናትና ከአባት የሚወረሰው ነገር ተቀላቅሎ የሚሟሟ አይደለም፣ በየፊናው ራሱን ችሎ ይተላለፋል ያለው ከዚህ ተነስቶ ነው። ሥራውን በ1866 አሳተመ፣ እስከ 1900 ድረስ ግን ልብ ያለው ሰው እምብዛም አልነበረም። ያሳዝነኛል ሁልጊዜ ሳስበው።

አሁን ወደ አባትህ ማሳ እንምጣ። ከጎተራው የመረጡት ፍሬ እናቱም ዲቃላ ናት፣ ብናኙን የሰጠው አባቱም ከዚያው ማሳ ወይም ከጎረቤት የመጣ ዲቃላ ነው። ስለዚህ ተሸፍኖ የነበረው ሁሉ እንደ አዲስ ይከፋፈላል። ሜንዴል ያየው አንድ ጥንድ ነው። በቆሎ ላይ ቁመቱን፣ የሚያብብበትን ጊዜ፣ የራሱን መጠን የሚወስኑት ዘረ መሎች ብዙ ናቸው። አሥር ጥንድ ብቻ ቢለያይ እንኳን ሊወጣ የሚችለው ዓይነት 59,049 ነው። አባትህ ያዩት ዥንጉርጉር ይሄው ነው። ብርታቱም ይቀንሳል። የሁለት መስመር ዲቃላ ከሆነ ከወላጆቹ የበለጠበት ትርፍ ግማሹ በአንድ ትውልድ ይሄዳል፣ የሦስት መስመር ሲሆን ሲሶው። ትልልቁን ራስ መምረጥም አያድንም፣ ምክንያቱም ሁሉም የአንድ ዓይነት ዲቃላ ልጆች ናቸው። አንዱ ራስ ከሌላው የተለቀው በአብዛኛው ያረፈበት አፈር ስለተሻለ ነው።

የወምበርማው ልጅ

በጣም አመሰግናለሁ ወንድሜ። "ተሸፍኖ ነበር እንጂ አልጠፋም" የምትለዋን ለአባቴ እንዲሁ ነው የምነግረው። ግን ታዲያ ስንዴውን ለምን ማስቀረት ተቻለ?

ሰብል ጥበቃ

ስንዴውን እኔ ልውሰደው። ባሌም አርሲም ሠርቻለሁ፣ የዲገሉን ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ።

ስንዴ አበባው ሳይከፈት በፊት ነው በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅለው። በቆሎ በነፋስ ከጎረቤቱ ይወስዳል፣ ስንዴ ቤቱን ዘግቶ ይጨርሳል። አንድ የስንዴ ዝርያ ደግሞ ለገበሬ ከመሰጠቱ በፊት ለብዙ ትውልድ እንዲህ ሲጠራ ስለቆየ ሁለቱ ቅጂዎቹ አንድ ሆነዋል። ተሸፍኖ የሚጠብቅ ነገር የለውም ማለት ይቻላል። አጎትህ ያስቀሩት ዘር ከገዙት ጋር በውርስ አንድ ነው። ከሌላ ዝርያ ጋር ሊደባለቅ፣ ሊቀጭጭ፣ በሽታ ሊይዝ ይችላል፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። ዋግን የመቋቋም ዘረ መሉ ግን እዚያው ነበር። ዲገሉ አልደከመም። የተለወጠው ዋጉ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ1998 ኡጋንዳ ውስጥ ከዚያ በፊት ስንዴን ሲጠብቅ የኖረ አንድ ጠንካራ የመከላከያ ዘረ መልን ያለፈ የግንድ ዋግ ታየ፣ ተለይቶ የታወቀው በ1999 ስለነበር "ዩጂ99" ተባለ። ወደ እኛ በ2003 ገባ። ዲገሉ በ2005 ሲወጣ ይሄንን ዋግ የሚቋቋም ስለነበር ገበሬው ተሻማበት፣ በየአቅጣጫው ዲገሉ ብቻ ሆነ። ከዚያ በ2013 መጨረሻ ላይ ባሌና አርሲ በግንድ ዋግ ነደደ። ብዙ ሰው ዩጂ99 መስሎት ነበር። አልነበረም። ከእሱ ጋር የማይዛመድ ሌላ የዋግ ዓይነት ነው፣ የዲገሉን መከላከያ ማለፍ የሚችል። ያልተረጨ ማሳ ላይ ፍሬው ተጨማትሮ ገለባ ብቻ የቀረበት ገበሬ ስንት ነው። ለሰው መናገር እንኳን ይከብዳል።

አሁን ዝግመተ ለውጥ የሚባለውን እዚህ ላይ ተመልከተው። ዋግ ፈንገስ ነው። የተመታ አንድ ሄክታር በትሪሊዮን የሚቆጠር ብናኝ፣ ማለትም ለፈንገሱ እንደ ዘር የሚሆነውን ዱቄት፣ ወደ ነፋስ ይለቃል። ዘረ መሉ ሲገለበጥ አልፎ አልፎ ስህተት ይፈጠራል። አብዛኛው ስህተት አይጠቅመውም ወይም ይጎዳዋል። ግን ከዚያ ሁሉ ብናኝ መካከል አንዲቱ የስንዴውን መከላከያ የምታልፍ ሆና ብትገኝ፣ ዙሪያዋን ያለው ስንዴ በሙሉ አንድ ዓይነት ነው፣ ተወዳዳሪ የላትም። የሌሎቹ ብናኝ እዚያ ስንዴ ላይ ያርፍና ይሞታል። የእሷ ልጆች ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ሌላ ብናኝ ይለቃሉ። በጥቂት ወራት ውስጥ ማሳው የእሷ ዘር ይሆናል።

እዚህ ላይ ሰው ብዙ ጊዜ የሚስተው ነገር አለ። ዋጉ ዲገሉን ሲያይ አስቦበት፣ ሞክሮ፣ ተምሮ አይደለም የተለወጠው። ለውጡ የሚፈጠረው በአጋጣሚ ነው። ከተፈጠረው መካከል የቱ ይብዛ የቱ ይጥፋ የሚለውን የሚወስነው ግን አጋጣሚ አይደለም፣ አካባቢው ነው። እዚህ አካባቢ ማለት እኛ የዘራነው ስንዴ ነው። ሰፊ መሬት ላይ አንድ ዝርያ ብቻ ስንዘራ ለዚያች አንዲት ብናኝ ድግስ ደገስንላት።

ለአጎትህ የምትነግራቸው፣ መሬታቸውን ከፋፍለው ሁለት ሦስት የተለያየ ዝርያ ይዝሩ። በየወቅቱ የትኛው ዝርያ እንደተመታ ከባለሙያ ይጠይቁ።

ከላቦራቶሪ

በሰብል ላይ ያላችሁትን እኛ በየቀኑ ወባ ላይ እያየነው ነው። ጤና ጣቢያ ደም ጠብ ተደርጎ በደቂቃዎች ውስጥ መስመር የሚያሳየውን ፈጣን መመርመሪያ ታውቁታላችሁ። አብዛኛው ሲፈልግ የኖረው የፋልሲፓረም ወባ ተውሳክ የሚያመነጨውን ኤችአርፒ2 የተባለ አንድ ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረ መል የተቆረጠባቸው ተውሳኮች አሉ። መጀመሪያ በ2010 ከፔሩ ነው የተዘገቡት፣ በኋላ ኤርትራ ውስጥ በብዛት ታዩ፣ አገራችንም ውስጥ ተገኝተዋል። እንዲህ ያለ ተውሳክ የያዘው ሰው ይመረመርና "ነፃ ነህ" ይባላል። መድኃኒት አይሰጠውም። ትንኝዋ ትነክሰውና ያንኑ ተውሳክ ለሌላ ታደርሳለች። ፕሮቲኑን የሚያመነጨው ተውሳክ ግን ተገኝቶ በመድኃኒት ይገደላል።

ምርመራችን ራሱ መራጭ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ሌላ ፕሮቲን የሚፈልግ መመርመሪያ ወደ መጠቀም ተገባ። ትኩሳቱ ካልለቀቃችሁ "ነፃ ነው ተብያለሁ" ብላችሁ ቤት አትቀመጡ፣ በማይክሮስኮፕ ይታይላችሁ። እባካችሁ።

ተስፋ

ጥሩ ትምህርት ነው፣ ግን አንድ ነገር ልበል። እኔ አማኝ ነኝ። ይሄ የምታወሩት መላመድ ነው እንጂ ዝግመተ ለውጥ አይደለም። ዋጉ ዋግ ነው፣ ስንዴውም ስንዴ ነው፣ ወባውም ወባ ነው። አንዱ ወደ ሌላ ሲለወጥ ያየ የለም። ለምን ትቀላቅሉታላችሁ?

መምህርት

ተስፋ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ የሚነሳ ነው፣ በቅንነት ስለጠየቅክ በቅንነት ልመልስልህ። እኔም የማምን ሰው ነኝ።

ዝግመተ ለውጥ ማለት በአንድ ሕዝብ ውስጥ ያሉ የዘረ መል ቅጂዎች ድርሻ ከትውልድ ትውልድ መለወጥ ነው። አምና ከሺህ አንድ የነበረው የዋግ ዓይነት ዘንድሮ ከሺህ ዘጠኝ መቶ ከሆነ፣ ይሄው ነው። መላመድ ያልከውም ከዚህ ውጪ በሌላ መንገድ አይመጣም። አንድ ተክል በሕይወቱ ሳለ ተለውጦ ለልጁ ለውጡን አያወርስም።

"አዲስ ዓይነት ሲወጣ ያየ የለም" ላልከው፣ ራሱን ስንዴን ውሰድ። የዳቦ ስንዴ 42 ክሮሞዞም፣ ማለትም ዘረ መሎችን የተሸከመ ክር፣ አለው። እኛ አገር ከጥንት ሲዘራ የኖረው ማካሮኒ የሚሠራበት ዱረም ስንዴ 28 ነው ያለው። የዳቦ ስንዴ የተገኘው 28 ክሮሞዞም ያለው ሰው የሚዘራው ስንዴ 14 ክሮሞዞም ካለው የዱር ሣር ጋር ተዳቅሎ የሁለቱም ክሮሞዞም ተጠራቅሞ ሲቀር ነው። 28 ሲደመር 14። ይህ የሆነው ሰው እርሻ ከጀመረ በኋላ፣ ከዛሬ ስምንት እስከ አሥር ሺህ ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት የዳቦ ስንዴ የሚባል ተክል ምድር ላይ አልነበረም። ሦስቱ የዱር ዘመዶቹ ዛሬም ዘረ መሉ ውስጥ ተለይተው ይነበባሉ።

ቡናችንም እንዲሁ ነው። አረቢካ 44 ክሮሞዞም አለው፣ ሌሎቹ የቡና ዘመዶች 22። ሮቡስታ የምንለው ቡናና ዩጂኒዮይደስ የሚባል ሌላ የቡና ዝርያ በተፈጥሮ ተዳቅለው አረቢካን አስገኙ፣ ማንም ሰው ሳይዘራው በፊት፣ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካና አካባቢው ላይ። ተማሪዎቼ ይሄን ሲሰሙ ዓይናቸው ይበራል፣ የእኔም ይበራ ነበር። በዚህ ምክንያት እምነቱን የተወ ተማሪ አላጋጠመኝም። ክሮሞዞም መቁጠር ስግደትን አይከለክልም።

ቻርልስ ዳርዊንም በ1859 መጽሐፉን ሲጀምር በእርግብ አርቢዎችና በገበሬዎች ምርጫ ነው የጀመረው። ገበሬ እየመረጠ ይህን ያህል ከለወጠ፣ ረሀብና በሽታ በረጅም ዘመን ምን ያህል ይለውጣሉ የሚል ነው ክርክሩ። ውርስ እንዴት እንደሚተላለፍ ግን አላወቀም ነበር። መልሱ በእሱ ዘመን በሜንዴል ተጽፎ ብርኖ ውስጥ ታትሞ ተቀምጧል፣ ሁለቱ ሳይገናኙ ሞቱ።

ተስፋ

የቡናውን አላውቅም ነበር። አነባለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የወምበርማው ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለአባቴ ደውዬ ነገርኩት፣ ረጅም ሰዓት አወራን። የመጨረሻ ጥያቄ ያቀረበው እሱ ነው። "ታዲያ አባቶቻችን የአገር ቤቱን በቆሎ እያስቀሩ ሲዘሩ እንዴት ኖሩ? እሱን ብመልስስ?" አለ። ጎረቤቶቹ በሙሉ ዲቃላ ነው የሚዘሩት።

አዳቃይ

አባትህ ጥሩ ነው ያሰቡት። የአገር ቤት ዘር መጀመሪያውኑ ድብልቅ ነው፣ በውስጡ ብዙ ዓይነት አለ። ስለዚህ ከዓመት ዓመት እንደ ዲቃላው አይወድቅም። ምርቱ ግን ጥሩ ማዳበሪያ ባገኘ ማሳ ላይ ከዲቃላው ያንሳል፣ ይህን ልሸሽጋቸው አልፈልግም። ያ ድብልቅነት ዋጋው ሌላ ነው። ገብስ ላይ የሚመጣ ቢጫ ድንክ የሚባል የቫይረስ በሽታ አለ። የመከላከያው ዘረ መል የተገኘው ከእኛ ገበሬዎች ገብስ ነው፣ ዛሬ በሌላ አገር ገብስ ውስጥ ገብቶ ይሠራል። የማንም ምርምር ጣቢያ አልፈጠረውም። ገበሬ ሳያውቀው ጠብቆ ያቆየው ነው። አዲስ አበባ ያለው የዘር ባንክ ከ1976 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ዘር የሚሰበስበው ለዚህ ነው።

ካስቀሩ ግን አመራረጡ ላይ ይጠንቀቁ። ከጎተራ አይምረጡ። ጎተራ ውስጥ ያለ ትልቅ ራስ የወደቀ አገዳ ላይ ይሁን፣ በሽታ የያዘው ይሁን፣ ብቻውን ሰፊ ቦታ ያገኘ ይሁን አይታወቅም። ከጓሮ ፍግ የጠገበውንም ይተዉት፣ ፍጉ አይወረስም። ማሳው ላይ ቆሞ ሳለ ይዙሩና መሐል ላይ፣ ዙሪያውን እኩል ጎረቤት ካላቸው ተክሎች መካከል የበለጠውን ምልክት ያድርጉበት። የጥቂት ተክል ዘር ብቻ አይያዙ፣ ቢያንስ ከመቶ ከዚያም በላይ ከሆነ ተክል ይሁን። ከጥቂቱ ብቻ ከተያዘ ዘመዳሞች እርስ በርስ ይዳቀሉና መቀጨጩ ይመጣል።

የጎረቤት ዲቃላ ጉዳይ እውነተኛ ችግር ነው። ብናኙ በነፋስ ይመጣል። ዘር አባዢዎች 200 ሜትርና ከዚያ በላይ ይርቃሉ፣ በእኛ አገር የማሳ ስፋት ይሄ ለአባትህ አይሆንም። ያላቸው አማራጭ ከጎረቤት ሦስት አራት ሳምንት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ መዝራት ነው፣ አበባው እንዳይገጥም። ዝናቡ ያን ያህል ካልፈቀደ ዘሩን ከዳር ሳይሆን ከመሐል ብቻ ይያዙ። ለዋናው ማሳ ዲቃላውን ገዝተው፣ የአገር ቤቱን አንድ ጥማድ ላይ ይሞክሩት።